የእናቶቻችን ሙዳይ፦ ከጎንደር ማጀት እስከ ቤር ሼቫ የመድኃኒት መደርደሪያ



የባር ሚጽቫና የባት ሚጽቫ ዕድሜ የደረሱ ልጆቻችን «አቮዳት ሾራሺም» የሚባለውን የቤት ሥራ ከትምህርት ቤት ይዘው ይመጣሉ። አያቶቻቸውን እየጠየቁ የቤተሰባቸውን ታሪክ ይጽፋሉ። ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች መካከል አንዱ ቀላል የሚመስል ነው፦ እዚያ አገር በቤታችሁ ውስጥ የመድኃኒት ሳጥን ነበራችሁ ወይ? ብዙዎቹ እናቶች «ምን ሳጥን አለ!» ብለው ያልፉታል። ልጁም «አልነበረም» ብሎ ይጽፍና ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይሄዳል። እኛ በቤር ሼቫ የምንኖር የቤተ እስራኤል ልጆች ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣነው ያ መልስ ግማሽ እውነት ብቻ ስለሆነ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ሳጥንስ በእርግጥ አልነበረም። መድኃኒቱ ግን ነበር፤ በየቦታው ተበትኖ ነው የሚገኘው። በጓሮ በኩል በአጥሩ ሥር ጤና አዳም፣ ዳማከሴና አሪቲ ተተክሎ ይታያል። ወደ ማጀት ሲገባ በጨርቅ የተቋጠረ ፌጦ ከግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። ጥቁር አዝሙድ በቅል፣ ማር በቀንድ፣ ዓመት የከረመ ቅቤ በትንሽ ማሰሮ ተቀምጧል። ከምድጃው በላይ፣ ጢሱ ከሚደርስበት ጣራ ሥር ደግሞ የኮሶ ዘለላ ተሰቅሏል። ከሁሉ የበለጠ የሚጠበቀው ግን ክዳን ባላት ትንሽ ስፌት፣ በሙዳይ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። መርፌ፣ ክር፣ ጌጣጌጥና ጥቂት ብር በሚቀመጥበት ሙዳይ ውስጥ የመድኃኒት ቋጠሮም አይጠፋም። ልጅ እጁን እንዳያስገባ የሚከለከለውም ለብሩ ብቻ ተብሎ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስታውስ። በጎንደር አውራጃ፣ በወለቃም ሆነ በሌሎች መንደሮቻችን፣ ሸክላ የምትሠራው እናት፣ ብረት የሚቀጠቅጠው አባት ነበር። ስለዚህ የመድኃኒቱ ማሰሮም፣ መውቀጫው የሚገረዝበት ጥርብም፣ የሚበጣበት ምላጭም ከዚያው ቤት የወጣ ነው። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን መድኃኒታቸውን የሚያስቀምጡበትንም ዕቃ ብዙ ጊዜ ከእኛው እናቶች ይገዙ ነበር። በሙዚየም የሚታዩት የወለቃ ሸክላዎች የአንበሳና የሰው ምስል ያላቸው ናቸው፤ ለጎብኚ የተሠሩ ስለሆኑ። እናቶቻችን ዕድሜያቸውን በሙሉ የሠሩት ግን ማሰሮና ጀበና ነው።

የዕቃውን ነገር በዚህ ትተን ወደ ውስጡ እንግባ።

በአንደኝነት የሚጠራው ፌጦ ነው። ዘሩ ቀላ ያለ፣ ደቃቅ፣ ሲታኘክ አፍንጫን የሚሰነፍጥ ነው። ሆድ ሲቆርጥ ተወቅጦ በሎሚ ይጠጣል፤ ቆዳ ላይ ችፌ ሲወጣ ይቀባል፤ ንዳድ የያዘውም ሰው ይሰጠው ነበር። ጤና አዳም ቅጠሉ በቡና ይገባል፤ ፍሬው ለሕፃን ቁርጠት ይታሻል። ዳማከሴ የምች መድኃኒት ነው፤ ቅጠሉ በመዳፍ ታሽቶ ጭማቂው ይጠጣል፣ ቀሪው ግንባርና አፍ ዙሪያ ይቀባል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ማር ለጉንፋን፤ ተልባ ለደረቀ ሆድ፤ ሬት ለቁስልና ጡት ለማስጣል፤ ቀበርቾ ለጢስ ያገለግላሉ። አደስ ደግሞ ከቅቤ ጋር ለራስ ይቀባል። ስለ አደስ አንድ የሚያስደስት ነገር አለ። ይህ ተክል እዚህ አገር በሱኮት በዓል ከሉላቭ ጋር የምንይዘው «ሀዳስ» ራሱ ነው። ስሙም፣ ሽታውም አንድ ነው። እናቶቻችን ለመጀመሪያ ጊዜ በምኩራብ ሀዳሱን ሲሸቱ ፀጉራቸው ትዝ ቢላቸው አይፈረድባቸውም።

የአራስ ነገር ለብቻው መነገር አለበት። በቤተ እስራኤል ሥርዓት የወለደች ሴት ወንድ ከሆነ 40 ቀን፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን በአራስ ጎጆ ትቀመጣለች፤ የወር አበባ ያላትም ወደ መርገም ጎጆ ትወጣለች። ጎጆው ዙሪያውን በድንጋይ ይከበባል፤ ምግብ የምታመጣው ሴት ከድንጋዩ አልፋ አትገባም፣ ዕቃውን አስቀምጣ ትመለሳለች እንጂ። የሚመጣው ምግብ በአብዛኛው መድኃኒትም ነው፦ ገንፎ በቅቤ፣ የአብሽ ውሃ፣ የተልባ ፍትፍት። ስለነዚህ ጎጆዎች እዚህ አገር ብዙ ተጽፏል፤ አንዳንዱ በአድናቆት፣ አንዳንዱ በማዘን። እኛ የምንጨምረው አንድ ነገር ነው። ወጣት ሚስቶች ከባልቴቶች ጋር ወንድ በማይሰማበት ቦታ የሚቀመጡት በዚያ ነበር። የደም መፍሰስን፣ የጡት መቁሰልን፣ የሕፃን ተቅማጥን ነገር ማን ከማን ተማረ ብሎ የሚጠይቅ ተመራማሪ ቢኖር፣ መጀመሪያ የድንጋዩን ክብ ውስጥ ይመልከት።

ሰንበት እሳት ስለማይነሣ በዚያ ዕለት የሚፈላ መድኃኒት የለም። ለሰንበት የሚሆነው የሚሸተትና የሚታኘክ ብቻ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ልብስ በእንዶድ ሲታጠብ፣ ቤት ውስጥ ሕመምተኛ ያለባት እናት መድኃኒቷንም አብራ ታዘጋጃለች። ስለ እንዶድ ካነሣን ዘንድ፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያ በሽታን ስለሚያስተላልፍ ነገሩ ትልቅ ግኝት ሆነ፤ በ1989ም ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘበት። ሴቶቹ ሲያጥቡ ኖረዋል፤ ሳይንቲስቱ ቆሞ ማየቱ ነው ልዩነቱ።

ኮሶ ግን ከሁሉም በላይ ታሪክ አለው። የኮሶ ዛፍ በደጋ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ይበቅላል። መድኃኒት የሚሆነው የሴቴዋ ዛፍ ቀላ ያለ አበባ ነው። ደርቆ ይፈጫል፣ ሌሊቱን በውሃ ወይም በጠላ ይዘፈዘፋል፣ ጧት በባዶ ሆድ ይጠጣል። ከዚያ በኋላ ያለውን የጠጣ ያውቀዋል። ያ ሰው በዚያ ቀን እንግዳ አይቀበልም፣ ሥራም አይሠራም፤ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም። አባቶቻችን ጥሬ ሥጋ እንደማይበሉ መንገደኞች ጽፈዋል፤ ይሁንና በደንብ ያልበሰለ ሥጋ ከቀረበበት ቤት ሁሉ የኮሶ ትልም ኮሶም አይጠፋም ነበር።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በየካቲት 1770 ጎንደር ገብቶ በቁስቋም ቤተ መንግሥት የፈንጣጣ ሕሙማንን ሲያክም ቆይቷል። በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ የኮሶን ዛፍ ሥሎ አሳይቷል፤ በወዳጁ በጆሴፍ ባንክስ ስምም ሊጠራው ፈልጎ ነበር። ስሙ ግን ለአውስትራሊያ ተክል አስቀድሞ ተሰጥቶ ስለነበር ሊቃውንቱ በጀርመናዊው በሀገን ስም «ሀጌንያ» አሉት። ይኸው ብሩስ በተቅማጥ ተይዞ ሳለ ዋጊኖስ በሚባለው የአገራችን ተክል እንደዳነ ራሱ ጽፏል፤ ዋጊኖስም በሳይንስ ስሙ «ብሩሲያ» ተባለ። በ1820ዎቹ ደግሞ በቁስጥንጥንያ የነበረ ብራየር የሚባል ሐኪም የኮሶን ኃይል አይቶ ለአውሮፓ አስታወቀ፤ በዚያው ክፍለ ዘመንም ኮሶ በአውሮፓ የመድኃኒት መዝገቦች ገብቶ በፋርማሲ ይሸጥ ጀመር። እንቆቆም ቢሆን የሳይንስ ስሙ የተሰጠው በትግራይ ለብዙ ዓመታት ኖሮ በ1878 በዓድዋ በሞተው በሺምፐር ስም ነው። እንግዲህ ሀገን፣ ብሩስ፣ ሺምፐር በተክሎቹ ላይ ስማቸው ተጽፎ ቀርቷል። አዘገጃጀቱን ያሳየቻቸው ሴት ስም ግን በየትኛውም አልተጻፈም።

ይህን ስንል የድሮው ሁሉ ጥሩ ነበር ማለታችን አይደለም። ወባን ፌጦ አላቆመውም። በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ወደ 7,000 ሕዝብ እንደጨረሰ ይነገራል። ደምቢያ ከጥንት ጀምሮ ብዙ የቤተ እስራኤል መንደሮች የነበሩበት አገር ነው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 የተቋቋመው በዚሁ እልቂት ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ ድሬሰሩ፣ የጤና መኮንኑና የክሎሮኪን ፍሬ ወደ ገጠር ወጡ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻም ኦርት የተባለው ድርጅት በጎንደር መንደሮቻችን ትምህርት ቤቶችና ክሊኒኮች አቁሞ ነበር። በአማርኛችን ማንኛውንም የሚዋጥ መድኃኒት «ኪኒን» የምንለው ከወባው መድኃኒት ከኩዊኒን ስም ነው፤ ቋንቋው ራሱ የትኛው በሽታ እንደፈጀን ይመሰክራል። ፈንጣጣም እንዲሁ በቅጠል አልጠፋም፤ ከኢትዮጵያ የጠፋው በክትባት በ1976 ነው።

ከሙዳዩ ጎን የሚቀመጠው ምላጭም ብዙ ጉዳት አድርሷል። የሕፃን እንጥል ይቆረጥ ነበር። ተቅማጥና ትኩሳት ያመጣል እየተባለ ገና ያልበቀለ የክራንቻ ጥርስ ከድድ ይነቀል ነበር፤ የእስራኤል የጥርስ ሐኪሞች በ1990ዎቹ የብዙ ልጆቻችን ክራንቻ መጉደሉን አይተው ምክንያቱን ጽፈዋል። ዋገምት፣ ብጣትና መተኮስ በብዙዎቻችን ሰውነት ላይ ምልክቱ አለ። ወጌሻውን ግን ከነዚህ ጋር አንደባልቀውም። የተሰበረ እጅ አስተካክሎ በቀርከሃ ማሰር የእውነት ሙያ ነው።

ሌላም የሚያም ነገር አለ፤ ልጆቻችን ሊያውቁት ይገባል። አባቶቻችን ብረት ቀጥቃጭ፣ እናቶቻችን ሸክላ ሠሪ በመሆናቸው ጎረቤት «ቡዳ» እያለ ይፈራቸው ነበር። ሌሊት ጅብ ይሆናሉ፣ ሰው ይበላሉ ይባልባቸዋል። ሕፃን በድንገት ሲታመም ጣት ወደ እኛ መንደር ይቀሰራል፤ በዚህም ሰበብ የተደበደቡና የተሰደዱ አሉ። ከቡዳ ይጠብቃል ተብሎ በሕፃናት አንገት የሚታሠረው ምን ነበር? ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም። እናቶቻችን ለሆድ ቁርጠት ከጓሮ የሚቀጥፉትን ጤና አዳም፣ ጎረቤታቸው ከእነርሱ ለመጠበቅ ልጇ ላይ ታሥረዋለች። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር፤ የእኛም እናቶች ዓይነ ጥላ ፈርተው ያንኑ ቅጠል በልጆቻቸው አንገት ያሥሩ ነበር። ክታብም ከደብተራ እየተቀበሉ የሚያሥሩ አልጠፉም፤ ቄሶቻችን ቢቆጡም።

አሁን ወደ ጉዞው እንምጣ።

በ1984 ወደ ሱዳን የተጓዙት ሌሊት፣ ለጎረቤት ሳይናገሩ ነው የወጡት። ጤፍና ሽምብራ ቆልተው፣ በሶ ይዘው፣ አንዳንዶች ፌጦና ነጭ ሽንኩርት በመቀነታቸው ቋጥረው ሄዱ። በኡም ራኩባ መጠለያ የጠበቃቸው ኩፍኝ፣ ወባና ተቅማጥ ነበር። በመንገድና በመጠለያዎቹ ያለቁት ወገኖቻችን ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል፤ በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ መታሰቢያቸው በ2007 ቆሟል። ከሞቱት ውስጥ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ይበዛሉ። መድኃኒት አዋቂዎቹ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ነበሩ። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በዘመቻ ሙሴ ወደ 8,000 ሰዎች ሲገቡ፣ አያት የሌለው ቤተሰብ ብዙ ነበር።

በግንቦት 24 እና 25 ቀን 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን ከአዲስ አበባ ሲበሩ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ጓዝ መያዝ አልተፈቀደም። ብዙ ሰው እንዲይዙ የአውሮፕላኖቹ ወንበሮች ተነቅለው ነበር፤ በአንዱ ትልቅ አውሮፕላን ብቻ ከ1,000 ሰው በላይ ተሳፍሯል። ሙዳይ፣ ቅልና ማሰሮ ሁሉ እዚያው በኤምባሲው አካባቢ በተከራዩት ቤት ቀረ። የደረሰው በራስ ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

እንግዲህ ቤር ሼቫ፣ በኦሪቱ ቤርሳቤህ፣ ከ300 ሜትር የማይበልጥ ከፍታ ያላት፣ በዓመት ወደ 200 ሚሊ ሜትር ዝናብ የምታገኝ የበረሃ ከተማ ናት። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። በናሃል ቤካ የካራቫን ሰፈር የሰፈሩ እናቶች ዙሪያቸውን ሲያዩ አሸዋና አቧራ እንጂ የሚቀጠፍ ቅጠል አላዩም። ኮሶ እዚህ አይበቅልም፤ ብሳናም፣ ዋጊኖስም የሉም።

ነገር ግን ሐሙስ ሐሙስ የሚቆመው፣ ከ1905 ጀምሮ የነበረው የበደዊኖች ገበያ ነበር። እናቶቻችን ዕብራይስጥ ሳያውቁ፣ ዐረብኛም ሳያውቁ በአፍንጫቸው ነው የገበዩት። ጥቁር አዝሙዱን አገኙት፤ ዕብራይስጡ «ኬጻህ» ይለዋል፣ ነቢዩ ኢሳይያስም በምዕራፍ 28 በበትር እንደሚወቃ የጠቀሰው ነው። አብሹን የየመን አይሁድ «ሒልቤ» ብለው በየቀኑ ሲበሉት አገኙት። ከሙኑ ስሙንም ብዙ አልለወጠ፣ «ካሞን» ነው። ጤና አዳም «ፔይጋም» ይባላል፤ የእኛው ዓይነት ራሱ በዚህ አገር ኮረብታዎች ላይ ያለ ተካይ ይበቅላል፤ ሚሽና በሽቪዒት ክፍል ከአሥራት ነፃ ከሆኑት ዕፅዋት ጋር ይቆጥረዋል። ፌጦ ደግሞ «ሻሃላይም» ነው። ታልሙድ በዓቮዳ ዛራ ክፍል ደም ለማቆም ፌጦን ከኮምጣጤ ጋር ያነሣል። አባቶቻችን ታልሙድ አልነበራቸውም፤ ስለዚህም በዚህ አገር ብዙ ተከራክረናል። ፌጦው ግን ነበራቸው፤ ኮምጣጤው በሎሚ ከመተካቱ በቀር።

ገበያው እንዲህ ሲቀና ክሊኒኩ ግን አስቸገረ። ከተማችን በሕክምና ድሃ አይደለችም፤ ሶሮካ ሆስፒታል በ1959 ተከፍቷል፣ የቤን ጉርዮን ዩኒቨርሲቲ የጤና ትምህርት ክፍል በ1974 ተቋቁሟል። ችግሩ ቃል ነው። አንዲት እናት «ልቤን ያመኛል» ስትል ብዙ ጊዜ የምትጠቁመው ከደረቷ በታች ጨጓራዋን ነው። ይዟት የሄደው የ10 ዓመት ልጅ «ሌቭ» ብሎ ይተረጉማል። ሐኪሙም የልብ ምርመራ ያዝዛል፣ ውጤቱ ደህና ነው ይላል፣ እናትየዋም ሕመሟን ይዛ ትመለሳለች። «ምች መታኝ» የሚለውን ማን ይተርጉመው? ስለ ማኅፀኗስ በልጇ አፍ እንዴት ትናገር? መርፌ ጠብቃ የሄደችው አካሞል ተጽፎላት ስትመለስ ደግሞ ናቁኝ ትላለች፤ በአገር ቤት ድሬሰሩ ያዳናት በመርፌ ነውና። ከዚህ ሁሉ በላይ በጥር 1996 የለገስነው ደም ሳይነገረን ይጣል እንደነበር በጋዜጣ ሲገለጥ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን በኢየሩሳሌም ሰልፍ ወጡ። ከዚያ በኋላ ነጭ ጋዋን ፊት ምሥጢሩን የሚያወጣ ሽማግሌ ማግኘት ከባድ ሆነ። በ1998 «ረፉአ ሽሌማ» የተባለው ፕሮግራም ተጀምሮ የእኛኑ ልጆች በክሊኒኮች አስታራቂ ተርጓሚ አድርጎ ማስቀመጡ ብዙ ጠቅሟል። በዚያው ዓመት በሐዴራ ሂሌል ያፌ ሆስፒታል የተመሠረተው ማኅበር ስሙን «ጤና ብሪዩት» ያለው በሁለቱም ቋንቋ ጤናን ለመጥራት ነው፤ የተነሣውም ለስኳር በሽታ ነው።

ስኳር ወገኖቻችን ሲገቡ እጅግ ጥቂት ሰው ላይ ብቻ የነበረ በሽታ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን በዛ፤ ምግቡ ተለወጠ፣ እግር ጉዞው ቀረ። ዛሬ የአንዲት የቤር ሼቫ አያት የመድኃኒት መደርደሪያ ቢከፈት፣ ከኩፓት ሆሊም የተሰጠ የስኳር፣ የደም ግፊትና የደም ማቅጠኛ ኪኒን በአንድ በኩል አለ፤ በቡና ጣሳ ውስጥ ፌጦ፣ በማዮኔዝ ጠርሙስ ውስጥ አብሽ፣ ከአዲስ አበባ በዘመድ የመጣ ኮሶ በፌስታል በሌላ በኩል አለ። ሳጥኑ አሁን ተገኘ ማለት ነው። ችግሩ ሁለቱ ጎኖች አለመተዋወቃቸው ነው። ሐኪሙ አይጠይቅም፤ እርሷም እንዳይስቅባት አትነግረውም። አብሽ የደም ስኳርን ዝቅ ሊያደርግ ይችላል፤ ከኪኒኑ ጋር ሲደመር ራስን እስከ መሳት ሊያደርስ ይችላል። ነጭ ሽንኩርት በብዛት ሲወሰድ የደም ማቅጠኛውን ኃይል ይጨምራል። ጤና አዳም ለነፍሰ ጡር አይሆንም፤ ይህንንስ የድሮ አዋላጆችም ያውቁት ነበር። ኮሶ ሲበዛ ዓይን እስከ ማጥፋት የደረሰበት ጊዜ አለ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን፤ እዚህ አገር ግን የሚደበቀው መድኃኒቱ ሆነ።

ከዚህ የተነሣ ለልጆቻችንም፣ ከዩኒቨርሲቲው ለሚመጡ ተመራማሪዎችም አንድ ነገር ማለት እንፈልጋለን። እስካሁን የተሰበሰበው አብዛኛው የስም ዝርዝር ነው፦ ይህ ተክል ለዚህ ሕመም፣ ያ ተክል ለዚያ። ስም ብቻውን መድኃኒት አይደለም። እናቶቻችን ስለ አንድ ቅጠል ከሚያውቁት ውስጥ ቢያንስ ግማሹ ስለ መጠኑና ስለ ክልከላው ነው። ከሴቴው ነው ወይስ ከወንዴው? ከሥሩ ነው ወይስ ከአበባው? የዘንድሮ ነው ወይስ የከረመ? በባዶ ሆድ ነው ወይስ ከምግብ በኋላ? ለሕፃን ስንት፣ ለአራስ ስንት? ለነማን ጨርሶ አይሰጥም? ከበዛስ ማርከሻው ምንድን ነው? የኮሶ ማርከሻ ቤት ውስጥ ካልተዘጋጀ ኮሶ የማይጠጣበት ቤት ነበር። በፌስታል ተጠቅልሎ የሚመጣው ኮሶ ላይ ይህ ሁሉ አልተጻፈም። አያቲቱ ስትሞት ፌስታሉ ለልጇ ይቀራል፤ ልጇም በማንኪያ ይሁን በስኒ አታውቅም።

መጠኑ ደግሞ በግራም አይነገርም። «እፍኝ»፣ «ጭብጥ»፣ «በሦስት ጣት ቁንጥር»፣ «አንድ ስኒ የማይሞላ» ነው የሚባለው። የእማማ እፍኝ የልጅ ልጃቸው እፍኝ አይደለም፤ ስንት ዓመት ጭቃ ያቦካ እጅ ነው። ስለዚህ አቮዳት ሾራሺም የምትጽፉ ልጆች፣ የወጥ ቤት ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ። ዓርብ ቀን አይሁን፣ ለሰንበት ሲዘጋጁ ይቸኩላሉ። እማማ ፌጦውን እንደ ልማዳቸው ይዝገኑ፣ ሚዛኑ ላይ ያፍስሱት፣ ቁጥሩን ጻፉ፤ ሦስት ጊዜ ይድገሙላችሁ። በኮሶ ግን ፌስታሉን ፎቶግራፍ አንሡና አትንኩ፤ ይዛችሁ ወደ ሐኪሙ ሂዱ፣ እማማም አብረው ይምጡ፣ የሚወስዷቸውን ኪኒኖችም በቦርሳቸው ይያዙ።